በውርጭ ወራት ወደ ደብረ ታቦር፤ ከወዳጆች ጋራ ስለ ተደረገ የአራት ቀን ጕዞ

የቤተ ሰብ ነገር ሲነሣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ማእድ ሥርዓት መናገር የተለመደ ነው። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ከወዳጆቹ ጋራ በሚሄድበት መንገድ ላይም የቤተ ሰብ ነገር ይከተለዋልና፥ ዛሬ እኛ ስድስት ወዳጆች በታኅሣሥ ወር 2011 ዓመተ ምሕረት ወደ ደብረ ታቦር ያደረግነውን የአራት ቀን ጕዞ ልንተርክላችሁ ወደድን። ለዕረፍትና ለደስታ ብለን ወጥተን ያላሰብነውን ነገር አግኝተን ተመልሰናልና፥ የሰማ ሁሉ አንዳች ጥቅም ሳያገኝበት አይቀርም ብለን እናምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ወራቱ ጥቂት ቃል እንናገር። በባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ክረምት የሚሉት በረዶ የሚወርድበትን፥ ቀኑ የሚያጥርበትን የታኅሣሥንና የጥርን ወራት ነው። እኛ ግን ክረምት የምንለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን የዝናም ጊዜ ነው። ታኅሣሥ ለእኛ የመፀው መጨረሻና የበጋ መግቢያ ሲሆን፥ ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ የሚወቃበት ወር ነው። ሆኖም የደጋ ሰው ብርድ ሲል የሚያስበው ይህንኑ ወራት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ደመና የሌለበት ስለ ሆነ፥ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ይዛ ለማቈየት አትችልም፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ ጋቢ የከበደው ሰው በነጋው ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያገኘዋል። ይህም ውርጭ ከተረተሩ ይልቅ በረባዳው ስፍራ ይበረታል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ከባድ ነውና እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። የጉና ገበሬዎች ይህን ከማንም መጽሐፍ ሳይማሩ አጥብቀው ያውቃሉ።

እኛም ስድስት ነበርን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት 72 ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ መሐንዲስ ነበሩ፤ እኛ ሁላችን ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። አንዲት ሐኪም፥ አንድ ባልና ሚስት፥ ገንዘብ ያዥ አድርገን የመረጥነው አንድ ወጣት፥ ይህንም የምንጽፈው እኛ ነበርን። የጕዞውን ቀን የቈረጡት ጋሼ ናቸው። እኛ በጥር ለጥምቀት እንሂድ ብንላቸው፥ «አይሆንም፤ በታኅሣሥ 18 እንነሣ» ብለው አጥብቀው ያዙ። ምክንያቱን ግን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። አለመጠየቃችን ጥፋት እንደ ነበረ በኋላ ታወቀን።

ሐሙስ ታኅሣሥ 18 ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥተን በአንድ ሰዓት ያህል ባሕር ዳር ደረስን። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ በምሳ ላይ አንድ ክርክር ተነሣ። ሐኪሟ የጣናን ዓሣ አዘዙ፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ዓሣ በጾም አይበላም ብለው ሽሮና በየዓይነቱ አስመጡ። ጋሼ በሁለቱ መካከል ተቀምጠው «እኔ ከሁለቱም ወገን እከፍላለሁ፤ ድንቹን ብቻ ስጡኝ» ባሉ ጊዜ ሁላችን ሳቅን፤ ክርክሩም በሳቅ አለቀ። ወዳጆች በመንገድ ላይ የሚጣሉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነውና፥ በመካከል ሆኖ የሚያስቅ አንድ ሽማግሌ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐሙሲት አልፎ እስከ ወረታ ድረስ በፎገራ ሜዳ ላይ ይሄዳል። ይህ ሜዳ በከብቱ ወተት የታወቀ ነው፤ ከቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሩዝ የሚበቅልበት አገር ሆኗል። እኛም ባለፍን ጊዜ ገበሬዎች ሩዙን አጭደው ይከምሩ ነበር። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ከታጠፉ በኋላ መንገዱ በዓለም በር በኩል ይወጣል፤ ዳገቱም እየጨመረ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ደብረ ታቦር ግን ወደ 2,700 ሜትር ትደርሳለች። ስለዚህ በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከሸሚዝ ወደ ካፖርት እንሻገራለን ማለት ነው። የዓለም ሳጋን ደን አልፈን ከተማይቱ ስትታየን ፀሓይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር፤ በስተ ምሥራቅም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ እንደ ሐምራዊ ግድግዳ ቆሞ አየነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከዚህ ተራራ ወርደው ጣናን ይመግባሉ።

ዐርብ ዕለት ከተማይቱን ስንጐበኝ ዋልን። ደብረ ታቦርን እንደ ከተማ ያቀኗት በየጁ መሳፍንት ዘመን፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ራስ ጉግሣ ናቸው። በ1834 ዓመተ ምሕረት በዚችው ከተማ አጠገብ ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ተዋግተው ድሉ የውቤ ሆነ፤ ነገር ግን አሸናፊው በድሉ ደስታ ላይ ሳሉ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት፤ ዐፄ ዮሐንስም ተቀምጠውባታል። ስሟንም የተሸከመችው በነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ሲሆን፥ በዚያን ዕለት የቡሄ ጅራፍና ችቦ በከተማይቱ ይደምቃል።

ከቀትር በኋላ ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ወደ ጋፋት ሄድን። በዚህ ስፍራ የዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለ ሙያዎች መድፍ ያቀልጡ ነበር። ከእነርሱ የሚበዙት ወንጌል ለማስተማር ከስዊስና ከጀርመን አገር የመጡ ሰዎች ሲሆኑ፥ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጃቸውን ሥራ ፈለጉ። ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቁን መድፍ በ1859 ዓመተ ምሕረት ገደማ በዚያ አቀለጡት፤ ክብደቱም 70 ኩንታል ያህል ነው። በ1860 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ንጉሡ ከተማይቱን አቃጥለው መድፉን በሰው ጕልበት እያስጐተቱ እስከ መቅደላ ድረስ ለወራት ተጓዙ፤ በዚያውም ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ ቆሟል።

ለቤተ ሰብ ዓምድ ግን ከመድፉ ይልቅ የሰዎቹ ነገር ይበልጥ ይነካል። ከእነዚህ ባለ ሙያዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የተባለው የስዊስ ሰው፥ የንጉሡ ታማኝ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። እርሷም በኢትዮጵያ ምድር የተወለደች የአገራችን ልጅ ነበረች። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ባሏን ተከትላ ከአገሯ ወጣች፤ እርሱም በሊባኖስ በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ፤ ዘግይቶም በአስፉሪያ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ሱዛን የእናቷን ቀብር ደርሳ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ማንም መልስ አልነበረውም፤ ጥያቄውም ለምን እንደ መጣ አልገባንም።

በዚያ ሌሊት ብርዱ በረታ። በሆቴሉ አዳራሽ ከሰል በማንደጃ አስነድደን፥ ጋቢያችንን ተከናንበን፥ የገብስ ቆሎ እየቈረጠምን ስለ ነገው ጕዞ እንነጋገር ነበር። ገንዘብ ያዣችን ወደ ጉና የሚወስደንን አውቶሞቢል ተከራይቶ ቀብድም ሰጥቶ ነበር፤ ጅብራውንና ጓሳውን በተራራው ራስ ላይ እናያለን ብለን ሁላችን ተዘጋጅተናል። በዚህ ጊዜ ጋሼ «ነገ እናንተ ሂዱ፤ እኔ ከዚህ ሌላ ጕዳይ አለኝ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር፥ እኛ ተቈጣን። ወጣቱም «ጋሼ፥ ቀኑን የቈረጡት እርስዎ፥ ዛሬ የሚቀሩት እርስዎ፤ ይህ እንዴት ይሆናል?» አላቸው። እኛም የሽማግሌ ግትርነት መስሎን ዝም አልን፤ ዝምታችንም ከቃሉ የከፋ ነበር። ሐኪሟ ብቻ ወንበራቸውን አስጠግተው «ጋሼ፥ ነገ ምንድን ነው?» ብለው በቀስታ ጠየቋቸው።

ያን ጊዜ ጋሼ የሚከተለውን ነገሩን። «በ1964 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር ተማሪ ነበርሁ። የምኖርባት ከተማ ሙኒክ ናት፤ ለኦሎምፒክ ጨዋታ ስታዲዮሙን የሚሠሩበት ወራት ነበር። ለፈረንጆች ልደት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አምስት ሆነን፥ ሁላችን የአገር ልጆች፥ በባቡር ወደ ቪየና ሄድን። ሦስት ቀን ብቻ ነው። በረዶው እስከ ጕልበት ይደርስ ነበር። የቅዱስ እስጢፋኖስን ካቴድራል አየን፤ በዳኑብ ዳር ተመላለስን፤ ገንዘባችን ትንሽ ስለ ነበረ አንድ ስኒ ቡና ለሁለት እየተካፈልን ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት እየዞርን ሞቅን። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ የለም። ወደ ሙኒክ ስንመለስ ቴሌግራም ከበሬ ሥር ወድቆ ቈየኝ። እናቴ ታኅሣሥ 20 ቀን ዐርፋለች። በሰዓት ብቈጥረው፥ እርሷ ስትቀበር እኔ ቡና ቤት ተቀምጬ እስቅ ነበር።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ነገሩን ቀጠሉ። ወደ አገር ለመመለስ የአውሮፕላን ገንዘብ አልነበራቸውም። ከዚያም የ1966ቱ አብዮት መጣ፤ እስከ 1985 ዓመተ ምሕረት በውጭ አገር ቀሩ። ተመልሰው አዲስ አበባ ከተቀመጡ በኋላ ግን ያገዳቸው መንገዱ ሳይሆን ኀፍረቱ ነበር። «ዓመት በጨመረ ቍጥር መድረሱ እየከበደኝ ሄደ። ከእናንተ ጋራ ለሽርሽር እንደምሄድ ሆኜ ከመጣሁ እግሬ እንቢ አይለኝም ብዬ አሰብሁ። እነሆ፥ ነገ 47 ዓመቷ ነው» አሉ።

ገንዘብ ያዣችን ተነሥቶ ወጣ። የሄደውም በውርጩ ውስጥ የአውቶሞቢሉን ባለቤት ፈልጎ ጕዞው መቅረቱን ለመንገር ነበር። ቀብዱን ሳያስመልስ መጣ፤ ስለዚህም ማንም አልጠየቀው።

ቅዳሜ ማለዳ ስድስታችን ከከተማይቱ ወጥተን በእግር ወደ ጉና ፊቱን ወደ መለሰ አንድ የገጠር ደብር ሄድን። ውርጩ ገና ከሣሩ አልተነሣም ነበርና ጫማችን ረጠበ። በዐውደ ምሕረቱ አጠገብ መቃብሮቹ ስም የሌላቸው የድንጋይ ክምር ነበሩ፤ የትኛው የማን እንደ ሆነ ለማወቅ አልተቻለም። ካህኑ ወጣት ስለ ነበሩ ያን ዘመን አያውቁም። በኋላ ግን «ከዚህ በታች አንዲት እማሆይ አሉ፤ የቀረ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው» ብለው ወደ አንዲት ጐጆ መሩን።

እማሆይ ዕድሜያቸው ወደ 90 የሚጠጋ፥ ዓይናቸው የፈዘዘ፥ ጆሯቸው ግን ደኅና የሆነ አሮጊት ነበሩ። ጋሼ የእናታቸውን ስም በጠሩ ጊዜ እማሆይ በእጃቸው ፊታቸውን ዳሰሱት፤ በልጅነት ስማቸውም ጠሯቸው። ያ ስም ከአዲስ አበባ ወዳጆች ለአንዳችን እንኳ የታወቀ አልነበረም።

«እማሆይ፥ ሳልደርስ ቀረሁ» አሉ ጋሼ።

«የዘገየህ እንጂ የቀረህ አይደለህም» አሉ እማሆይ። «ልቅሶህን እኛ አለቀስንልህ። አፈሩንም የኔ ልጅ በአንተ ፈንታ መለሰ። እኅትህ ተዝካሯን አወጣች። ምን ጐደለ? አንተ ብቻ ነበርህ የጐደልኸው፤ አሁን መጣህ።»

ጋሼም በመጨረሻው ሰዓት ስለ እርሳቸው ምን ትናገር እንደ ነበር ጠየቁ። እማሆይ ጥቂት አስበው እንዲህ አሉ፤ «ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ባገኘች ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ ነበር፤ የዚያ አገር ብርድ ከጉና ውርጭ ይብሳልን ትል ነበር። ጋቢ ልትልክልህ ፈትል ጀምራ ነበር፤ ሳትጨርሰው ዐረፈች። እኛ ጎረቤቶቿ ፈትለን ጨረስነውና አሠርተን ለፈቷት ቄስ ሰጠናቸው። ላንተ እንዳንልክ አድራሻህን አላወቅንም።»

ጋሼ በዚያ ጊዜ አለቀሱ፤ እኛም ዝም ብለን ተቀመጥን። እማሆይ ወደ እኛ ዞረው «እነዚህስ እነማን ናቸው?» አሉ። «ጓደኞቼ ናቸው» አሉ ጋሼ። «ለቀስተኛ ይዘህ መጣህ፤ ደግ አደረግህ» ብለው እማሆይ ቡና እንዲፈላ አዘዙ። የልጅ ልጃቸውም ቆሎና የገብስ ዳቦ አቀረበች። በዚህ ዓይነት ለሽርሽር የወጣን ስድስት ሰዎች በአንዲት ጐጆ ውስጥ ልቅሶ ደረስን፤ ከ47 ዓመት በኋላ። ወደ ደብሩም ተመልሰን ጧፍና ዕጣን ሰጠን፤ ካህኑ ጸሎት አደረጉ። ከመካከላችን ባለ ፎቶግራፍ የነበረው ባልየው በዚያን ዕለት መሣሪያውን ከከረጢቱ አላወጣም፤ ስለዚህ ለዚህ ገጽ የምናቀርበው ሥዕል የለንም።

በመመለሻችን መንገድ ላይ ጋሼ ስለ ቪየና ጓደኞቻቸው አነሡ። ቴሌግራሙ የተገኘበትን ሌሊት አራቱ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረዋቸው ተቀምጠው አድረው ኖሯል። «ሦስቱ ዛሬ የሉም። እነርሱን አስቤ በዚያ ሳቅ ሳፍርበት ኖርሁ፤ ለካ ያሳቁኝና ያስተዛዘኑኝ እነዚያው ሰዎች ነበሩ» አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ቪየና ብዙ ጊዜ በደስታ ሲናገሩ ሰምተናቸዋል።

ከዚህ ጕዞ የተማርነውን በአጭሩ እናስቀምጠው።

1ኛ፤ በታኅሣሥና በጥር ወደ ደጋ የሚሄድ ሰው የቀኑን ፀሓይ አይቶ አይታለል፤ ጋቢ ወይም ካፖርት፥ ወፍራም የእግር ሹራብና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይያዝ።

2ኛ፤ መዋጮው ከመነሣት በፊት ይሰብሰብ፤ በአንድ ሰው እጅም ይሁን፤ ያም ሰው በየማታው ሒሳቡን ለሁሉ ይንገር። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ጠፍቶ የሚቀር ቀብድ እንኳ ጠብ አያመጣም።

3ኛ፤ ይህም ከሁሉ ይበልጣል፤ ከመነሣት በፊት እያንዳንዱ መንገደኛ «አንተ በዚህ ጕዞ ሳታየው መመለስ የማትወደው አንድ ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። እኛ ጋሼን በአዲስ አበባ ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ በማንደጃው ዙሪያ ያን ክፉ ዝምታ ባላሳየናቸው ነበር።

እሑድ ታኅሣሥ 21 ቀን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ጉናን በሌላ ዓመት እንወጣዋለን፤ እማሆይንም እንጠይቃቸዋለን ብለን ተስማምተን ነበር። ነገር ግን የሰው አሳብና የዘመን ሁኔታ አንድ አይደለም። በ2012 ዓመተ ምሕረት ተላላፊው በሽታ ሰውን ሁሉ በየቤቱ አስቀመጠ። በ2013 ጦርነት ተነሣ፤ በዚያውም ዓመት በነሐሴ ወር በደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ የሰው ሕይወት ጠፋ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተጀመረ።

እማሆይ በ2014 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። ወሬው ለጋሼ በስልክ ደረሳቸው፤ መንገዱም የሚያስተማምን ስላልነበረ ዳግመኛ ሳይደርሱ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ግን ብቻቸውን አልነበሩም። እኛ አምስታችን ወደ ቤታቸው ሄደን፥ ምንጣፍ አስነጥፈን፥ ሦስት ቀን ከእሳቸው ጋራ ተቀመጥን። ወጣቱ ገንዘብ ያዥ የመጀመሪያውን ቀን ቆሎ ይዞ መጣ፤ የገብስ ነበር።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ከእናንተ መካከል በሩቅ አገር ያለ ዘመድ፥ ያልተደረሰ ልቅሶ፥ ያልተጠየቀ ሽማግሌ ያለው ሰው ቢኖር፥ መንገዱ ክፍት ሳለ ይሂድ። ብቻውን ለመሄድ እግሩ እንቢ ቢለው ወዳጆቹን ይዞ ይሂድ። ወዳጅ የሆነም ሰው ጓደኛው አንድን ቀን አጥብቆ ሲይዝ ባየ ጊዜ ከመቈጣቱ በፊት ምክንያቱን ይጠይቅ። ለአገራችን ሰላምን፥ ለመንገደኞቿም ደኅና መንገድን እንመኛለን።